አባዬ «ቡናው ይሸጣል» ይላሉ፣ እኔ ግን ልለየው እላለሁ

«እትዬ፣ ጤና ይስጥልኝ። ቤተሰቤ ተራራ ላይ የቡና እርሻ አለው። ስድስት ሄክታር ይሆናል። የታችኛው ጫፍ 1,600 ሜትር ላይ ነው፤ የላይኛው ወደ 1,950 ይጠጋል። ከተማ ስሠራ ቆይቼ ተመለስኩ፤ ዘንድሮ ሦስተኛ የለቀማ ወቅቴ ነው። 70 ሊሞላቸው የደረሰው አባዬ ቡናውን እንደ ድሮው አንድ ላይ አስለቅመው ለሰብሳቢ ይሸጣሉ። እኔ አምና ከላይኛው ተዳፋት ቀይ ቀዩን ብቻ ለቅሜ ከመሬት ከፍ ባለ የሽቦ አልጋ ላይ አደረቅሁት። ናሙናው ተቀምሶ 84 ነጥብ አገኘ። ውጭ አገር ያለ ቡና ቆልቶ የሚሸጥ ሰው ‹ዘንድሮ አሥር ጆንያ ላኪልኝ፣ ሲደርሰኝ እከፍላለሁ› ብሎኛል። ታላቅ ወንድሜ ከተማ ተቀምጦ ‹መሬቱን አስይዘን እንበደር፣ መፈልፈያ ማሽን እንግዛ፣ አሮጌውን ዛፍ ነቅለን ጌሻ የሚባለውን የቡና ዘር እንትከል› ይላል። አባዬ ደግሞ ‹ቡናው ይሸጣል፤ ዋጋ በተወደደበት ዓመት ምን አንቀዠቀዠሽ?› ብለው ይቆጡኛል። እናቴ እንደ ሁልጊዜው ብላሹን ትለቅማለች፤ ምንም አትልም። ልተወው ብል ቆጨኝ። ልቀጥል ብል ቤቱ ሊበጠበጥ ነው። ምን ላድርግ? የተራራዋ ልጅ ነኝ።»

የተራራዋ ልጅ፣ እንደምን ሰነበትሽ?

መልሴን አስቀድሜ ልንገርሽ። ቀጥዪበት። ግን በሦስት ጆንያ ብቻ፤ አሥር የሚባለውን ለጊዜው እርሺው። መሬቱ መያዣ አይሁን። አንድም ዛፍ አይነቀል። ከዚህ ሁሉ በፊት ደግሞ የቤቱንና የእርሻውን ሒሳብ ለዩት። እንደሚታየኝ ቤታችሁን የሚያናጋው ሁሉ ነገር ተቀላቅሎ መቀመጡ ነው። የላይኛው ቡና ከታችኛው፣ የአንቺ ድካም ከአባትሽ ገቢ፣ የወንድምሽ ምኞት ከእናንተ ላብ ጋር ተደባልቋል። ማን ምን እንዳተረፈ የሚያውቅ የለም። ምክንያቴን ላስረዳሽ፤ ትንሽ ይረዝማል።

መጀመሪያ አሥሩን ጆንያ እናስላው። አንዱ ጆንያ 60 ኪሎ ከሆነ፣ አሥሩ 600 ኪሎ ጥሬ ቡና ነው። አንድ ኪሎ ጥሬ ቡና ለማግኘት ከአምስት እስከ ስድስት ኪሎ እሸት ይሄዳል። በስድስት ብናሰላው 3,600 ኪሎ ቀይ እሸት ያስፈልግሻል። ይህ እንግዲህ ብላሹ ሳይወጣለት ነው። የተነቀዘው፣ የተሰበረው፣ ያልሞላው ተለቅሞ ሲጣል አራት ቶን ቢያስፈልግሽም አይግረምሽ። ያውም ሁሉም በልኩ የቀላ፣ ሁሉም ከላይኛው ተዳፋት። አምና ስንት ኪሎ እንዳደረቅሽ አልጻፍሽልኝም። ብዙ አይመስለኝም፤ ብዙ ቢሆን ኖሮ ቁጥሩን ትነግሪኝ ነበር።

ደግሞ ያ 84 ነጥብ የማን እንደሆነ አስቢበት። ነጥቡ የተሰጠው ለዚያ ናሙና ነው። በእጅሽ አንድ በአንድ የለቀምሽው፣ እናትሽ ዓይናቸው እስኪደክም ያዩት ናሙና። ገዢው አሥር ጆንያ ሲያዝ በአሥሩም ውስጥ ያንኑ ጣዕም እየገዛ ነው። ለረጅም ጊዜ በተለመደው አመዳደብ ከ100 ነጥብ 80 እና ከዚያ በላይ ያገኘ ቡና ስፔሻሊቲ፣ ማለትም ልዩ ጥራት ያለው ቡና፣ ይባላል። የጥሬ ቡናው መመዘኛ ደግሞ ከዚህ የባሰ ጥብቅ ነው። በ350 ግራም ናሙና ውስጥ ከዋናዎቹ ጉድለቶች፣ ማለትም ጥቁር ፍሬ፣ የኮመጠጠ ፍሬ፣ ሻጋታ ከመሳሰሉት፣ አንድም መገኘት የለበትም። ከቀላሎቹም ከአምስት በላይ አይፈቀድም። ናሙናሽ ይህን አልፎ ጆንያሽ ቢወድቅ ቡናሽ መደበኛ ቡና ሆኖ ይቀራል። ልዩነቱ ማጓጓዣውም ባንቺ ላይ መቁጠሩ ብቻ ነው።

የቅምሻውን ወረቀት በእጅሽ አድርጊ። ቁጥሩን ብቻ ነግረውሽ ከሆነ ሙሉውን ጠይቂ። ለረጅም ጊዜ ሲሠራበት በኖረው ቅጽ አንድ ናሙና በአምስት ስኒ ነው የሚቀመሰው። «ወጥነት» እና «ንጽሕና» የሚሉ ረድፎች አሉት፤ አንድ ስኒ ከሌሎቹ ከተለየ በእያንዳንዱ ረድፍ ሁለት ነጥብ ይቀነሳል። ነጥብ የጎደለሽ እዚያ ላይ ከሆነ ተራራሽ ምንም አላጠፋም፤ ማድረቂያሽ ነው ያጠፋው። አምስቱም ስኒ አንድ ዓይነት ሆነው 84 ካገኘሽ ግን ሥራሽ እጅግ ጥሩ ነው። የሚቀርሽ ብዛቱን ቀስ እያሉ መጨመር ነው።

አሁን ወደ ተዳፋቱ እንውጣ። አየሩ በየ100 ሜትሩ ከፍታ 0.6 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። ከታችኛው ጫፋችሁ እስከ ላይኛው 350 ሜትር ነው፤ ሁለት ዲግሪ ማለት ነው። ትንሽ ትመስላለች፣ ለቡና ግን ትልቅ ናት። ቅዝቃዜው ፍሬውን ያዘገየዋል። የዘገየ ፍሬ ስኳሩን ያጠራቅማል፤ ፍሬውም ጠጣር ይሆናል። ላይኛውን መምረጥሽ ስለዚህ ልክ ነው። ግን ከፍታን እንደ ታቦት አትሳለሚው። ከምድር ወገብ ርቃ ባለችው ሐዋይ፣ ኮና በሚባለው አካባቢ፣ ስመ ጥር ቡና ከ900 ሜትር በታች ይበቅላል። የሚያዘገየው ቅዝቃዜው እንጂ የሜትሩ ቁጥር አይደለም። ታችኛው እርሻም ጥላ ባለበት፣ ጉም በሚተኛበት ጥግ ሊያስገርምሽ ይችላል። የትኛው ጥግ እንደሆነ ደግሞ የሚያውቁት አባትሽ ናቸው።

ብዙ ሰው ከፍታው ላይ የሚሳሳተው በማድረቂያው ነው። ቡናውን ላይ ለቅሞ እዚያው ላይ ያደርቀዋል። ጉም አለ፣ ብርድ አለ፣ ጀንፈሉ እርጥብ እንደሆነ ይከርማል፤ ከዚያ ይሻግታል ወይም ይኮመጥጣል። አልጋውን ታች፣ ሞቅ ያለውና ነፋስ የሚያገኘው ቦታ ላይ ሥሪው። ላይ የበቀለውን ታች አድርቂው። ማሽን ሳትገዢ፣ ብድር ሳትገቢ የምታገኚው ትልቁ ትርፍ ይህ ሊሆን ይችላል።

ለቀማው ላይ ደግሞ ክፍያውን ቀይሪ። በኪሎ የሚከፈለው ለቃሚ ያገኘውን ሁሉ ቅርጫቱ ውስጥ ይከታል፤ አይፈረድበትም፣ የልጆቹ እራት በኪሎው ነው የሚለካው። ለሦስቱ ጆንያ የሚለቅሙልሽን በቀን ክፈያቸው፤ ካልሆነም ለቀይ ኪሎ ከፍ ያለ ክፍያ ቁረጪላቸው። አንድ ዛፍ ላይ ብዙ ጊዜ መመላለስ ሊኖር ነው፤ ፍሬው በአንድ ጊዜ አይቀላም። የተለቀመውን በዚያው ቀን ውኃ ውስጥ ክተቺው። የተንሳፈፈውን ገፈሽ አውጪው፤ ከሌላው ቡና ጋር ይሂድ። የሰመጠውን አልጋ ላይ ስስ አድርገሽ አስጪው። በቀን ደጋግመሽ አገላብጪው፤ ሌሊትና ፀሐይ ሲበረታ ሸፍኚው። አንዴ መድረቅ የጀመረ ቡና መልሶ ዝናብ አይንካው። ሁለተኛው ዙር እሸት ሲመጣ አልጋው ሞልቶ ካገኘሽው ላዩ ላይ አትከምሪ። ያን ዙር ለሰብሳቢው ልቀቂው። እዚህ ላይ ነው ሰው ስስት የሚይዘው፤ አንድ ክምር ሲበላሽ የለየሽውን ቡና ሁሉ ይዞት ይሄዳል።

እርጥበቱ ከ10 እስከ 12 በመቶ ሲደርስ ይበቃዋል። በጥርስ ነክሶ መለየት የሚችል ሰው አለ፤ አባትሽ አንዱ ሊሆኑ ይችላሉ። አንቺ ግን የእርጥበት መለኪያ ተዋሺ። አጠገብሽ ያለ ማኅበር ወይም የቡና ማዘጋጃ ጣቢያ አያጣውም። ደግሞ መጋዘኑን ማዳበሪያና ነዳጅ ከሚቀመጥበት አርቂው። ቡና የጎረቤቱን ሽታ ሁሉ ይጠጣል። ጆንያው መሬትም ግድግዳም አይንካ።

በነገራችን ላይ፣ ሰሞኑን ሁሉም ሰው ቡናውን በርሜል ውስጥ አፍኖ ስለሚያብላላበት ዘዴ ያወራል። ወንድምሽ እሱንም ልኮልሽ ይሆናል። ዘንድሮ አትንኪው። ንጹሕ ጀንፈል በተከታታይ ማውጣት ሳትችዪ በርሜል ውስጥ መግባት ችግርን በክዳን መሸፈን ነው።

አባትሽ ጋ እንምጣ። «ዋጋ በተወደደበት ዓመት» ያሉት ዝም ብሎ የሽማግሌ ቁጣ አይደለም። እንዲያውም ከሁላችሁም ገበያውን ያነበቡት እሳቸው ይመስሉኛል። ኒው ዮርክ ያለው የዓለም የቡና ገበያ እ.ኤ.አ. በ2019 አንዱን ፓውንድ፣ ግማሽ ኪሎ ገደማ፣ ከአንድ ዶላር በታች አውርዶት ነበር። በየካቲት 2025 እ.ኤ.አ. ደግሞ ከአራት ዶላር አለፈ። ተራው ቡና እንዲህ ሲወደድ የስፔሻሊቲው ጭማሪ በንጽጽር ያንሳል። ድካሙ ግን ያው ነው። ሰብሳቢው ደግሞ በዕለቱ ጥሬ ገንዘብ ይቆጥራል፤ የአንቺ ገዢ ከወራት በኋላ ይከፍላል። በዚያ መሃል ለቃሚ የሚከፈለው፣ ቤት የሚበላው ከየት ይምጣ? አባትሽ ይህንን ነው የሚጠይቁሽ። አጠያየቃቸው ቁጣ ስለሆነ አልሰማሽውም።

በዚያ ላይ ዕድሜያቸውን አስቢ። እ.ኤ.አ. በ1989 አገሮች የሚልኩትን ቡና መጠን የሚወስነው የዓለም ቡና ስምምነት የኮታ ሥርዓት ሲፈርስ ዋጋው ተንኮታኮተ፤ የዓለም ገበሬ ሁሉ ቀመሰው። ያን ጊዜ አባትሽ የሠላሳዎቹ ዕድሜ ላይ ነበሩ፤ እናንተን የማሳደጊያቸው ጊዜ። ውድ ዓመት ሲመጣ ሽጦ መያዝን የተማሩት በቀላሉ አይደለም።

ግን አንድ ያላዩት ነገር አለ። ውድ ዓመት ለመለማመድ ጥሩ ዓመት ነው። ከእርሻው አብዛኛው ለሰብሳቢው በጥሩ ዋጋ ተሽጦ ቤቱ ከጠገበ፣ ሦስት ጆንያ ብትበላሽ እንኳ ማንም አይራብም። ዋጋው ሲወርድ ግን ደንበኛ ፍለጋ የሚሮጠው ሰው ብዙ ነው፤ ያን ጊዜ ገዢው የሚያውቀውን ይመርጣል። ለአባትሽ እንዲህ ብለሽ አስረጃቸው። «አባዬ፣ ርካሹ ዓመት ሲመጣ የሚያውቀን ሰው ይኑረን» በያቸው። ሰብሳቢውንም እንዳታስቀይሚው። የታችኛው ቡና፣ ተንሳፋፊው፣ ያልበሰለው፣ ሁሉም ወደ እሱ ነው የሚሄደው። ለብዙ ዓመት በዕለቱ ከፍሎ ያሳደራችሁ ሰው ነው።

ሌላም ነገር አድርጊ። ክርክሩን ትተሽ አስቀምሻቸው። ሦስት ናሙና አዘጋጂ። አንዱ እሳቸው እንደለመዱት ተቀላቅሎ የደረቀ፣ ሁለተኛው የአንቺ፣ ሦስተኛው እሳቸው ራሳቸው ከመረጡት ጥግ የተለቀመ። እኩል ቁዪው፤ ቀለል ያለ ይሁን፣ ካረረ ልዩነቱ ይጠፋል። በአንድ ስኒ 11 ግራም ፈጭተሽ 200 ሚሊ ሊትር ውኃ ጨምሪበት፤ ውኃው ፈልቶ ጥቂት የበረደ ይሁን፣ 93 ዲግሪ አካባቢ። አራት ደቂቃ ጠብቂ። ላዩ ላይ የተንሳፈፈውን በማንኪያ ሰብረሽ አሽትቱት፤ አረፋውን ግፈፉና ለብ ሲል በማንኪያ ቅመሱት። ሲበርድም ድገሙት፣ ጉድለት የሚገለጠው ሲበርድ ነው። ስኒው ሥር ቁጥር ጻፊ፤ የቱ የማን እንደሆነ ለማንም አትንገሪ። አባትሽ የራሳቸውን ቢመርጡ አትሟገቺ፤ ለምን እንደመረጡት ጠይቂያቸውና ጻፊው። የአንቺን ቢመርጡ ደግሞ «አየህ አባዬ» ብለሽ እንዳትፎክሪ። ማሸነፍሽን እዚያ ቤት ውስጥ ሁሉም ያውቀዋል።

ወንድምሽ ላይ ትንሽ ጠንከር ልበል። ከከተማ ሆኖ ማሰቡ አይከፋም። ግን ያቀረበው ሐሳብ ቀዳዳው ብዙ ነው። መፈልፈያ ማሽን በዓመት የሚሠራው ለቀማ ባለበት ጥቂት ሳምንት ነው፤ የብድሩ ወለድ ግን ዓመቱን ሙሉ ይቆጥራል። ስድስት ሄክታር ያን ማሽን የሚያጠግበው አይመስለኝም። ዕዳውን ለመክፈል የጎረቤት እሸት መግዛት ልትጀምሩ ነው፤ ያን ጊዜ ገበሬ መሆናችሁ ቀርቶ ነጋዴ ሆናችሁ። በዚያ ላይ የታጠበ ቡና ብዙ ንጹሕ ውኃ ይፈልጋል። የሚወጣው ፍሳሽ አሲድነት አለው፤ ወንዝ ውስጥ ከገባ ኦክስጅኑን ጨርሶ ዓሣውን ይገድላል፣ የታች ሰፈሩን ውኃ ያበላሻል። ጉድጓድና ማጣሪያ ሳይሠራ ማሽን አይገዛም። የታጠበ መሞከር ካማራችሁ መፈልፈያ ላለው ጎረቤት ከፍላችሁ አስፈልፍሉ።

ጌሻውን በተመለከተ ታሪኩ የወንድምሽን ሐሳብ አይደግፍም። ዘሩ እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ ከኢትዮጵያ ደቡብ ምዕራብ ደን ተሰብስቦ ወጣ። በምሥራቅ አፍሪካ ጣቢያዎች አልፎ እ.ኤ.አ. በ1953 ኮስታ ሪካ ወዳለው፣ ካቲየ ወደሚባለው የእርሻ ምርምር ማዕከል ደረሰ፤ ከዚያ ፓናማ ገባ። ፓናማ ውስጥ ቦኬቴ በሚባለው ተራራማ አካባቢ የፒተርሰን ቤተሰብ እርሻ አለ፤ አሲየንዳ ላ ኤስሜራልዳ ይባላል። እነሱም እንደናንተ የቤተሰብ እርሻ ናቸው። ጌሻው ዛፍ እርሻቸው ላይ ነበር፤ ፍሬው ግን ከሌላው ጋር ተቀላቅሎ ይሸጥ ነበር። የየጥጉን ቡና ለይተው ሲቀምሱ አንዱ ከሌላው ፈጽሞ የተለየ ሆኖ አገኙት። እ.ኤ.አ. በ2004 በፓናማ ውድድር አሸንፎ በጨረታ አንዱ ፓውንድ 21 ዶላር ተሸጠ። ያን ጊዜ ጉድ የተባለለት ዋጋ ነበር። ቤተሰቡ ያንን ያገኘው ቀድሞ ያለውን በመቅመስ ነው። የእናንተ አሮጌ ዛፎች ምን እንደሆኑ እስካሁን ማን ቀምሶ ለየ? አንቺ አንዱን ተዳፋት ብቻ ነው ያየሽው።

አዲስ ችግኝ ፍሬ እስኪሰጥ ሦስት፣ አራት ዓመት ይፈጃል። ሁሉን ነቅላችሁ ያን ሁሉ ዓመት ምን ትበላላችሁ? አሮጌው ዛፍ ምርቱ ከቀነሰ በየዓመቱ ጥቂት መስመር ጎንድሉ። ከመሬት ወደ 30 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ ውኃ እንዳይተኛበት ሰያፍ አድርጋችሁ ቁረጡት። አዲስ ቀንበጥ ያወጣል፤ ጥቂቱን ጠንካራ አስቀርታችሁ ሌላውን አንሱ። ከችግኝ ቀድሞ ፍሬ ይሰጣችኋል፤ ሥሩ ያረጀ ቢሆንም የጠለቀ ነው። አንድ ዘር ብቻ መትከልም ያስፈራኛል። የቅጠል ዋግ የሚባለው የቡና በሽታ እ.ኤ.አ. በ1869 ሲሎን፣ በዛሬዋ ስሪላንካ፣ ታየ፤ ያቺ ደሴት በጊዜ ሂደት ቡናዋን ትታ ሻይ ተከለች። እ.ኤ.አ. በ2012 እና 2013 መካከለኛው አሜሪካን የመታው ያው ዋግ ነው። ቅዝቃዜ ያድነናል ይሉ የነበሩ ከፍ ያሉ እርሻዎችም አልተረፉም። ወንድምሽ ገንዘብ ማውጣት ካማረው የአልጋ ሽቦና የጥላ መረብ ይግዛ። ይኸው ሊረዳ የሚችልበት መንገድ።

እናትሽን ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር አለፍሻቸው። «ብላሹን ትለቅማለች፤ ምንም አትልም።» እህቴ፣ ያ 84 ነጥብ ግማሹ የእሳቸው ዓይን ነው። ለሦስት ጆንያ 180 ኪሎ ጥሬ ቡና ሊለቅሙልሽ ነው። ይህን ሥራ የማይከፈልበት አድርገሽ ከቆጠርሽው ትርፍሽ ሐሰት ነው። የአንቺም እንደዚያው። ሦስት ወቅት ያለ ደመወዝ ሠርተሻል። ቡናው አተረፈ የምትይው የሁለታችሁን ድካም ባዶ ቆጥረሽ ከሆነ አላተረፈም፣ እናንተን በልቶ ነው የወፈረው።

ስለዚህ አንድ ደብተር ግዢ። የሦስቱን ጆንያ ወጪ ሁሉ እዚያ ጻፊ። ለለቃሚ፣ ለአልጋ፣ ለጆንያ፣ ለማጓጓዣ፣ ለእናትሽ የቀን ሒሳብ፣ ለአንቺ የቀን ሒሳብ። እሸቱንም ከአባትሽ እንደገዛሽ ቁጠሪ፤ ሰብሳቢው በዚያ ቀን በሚከፍለው ዋጋ። ገንዘቡ በእጅሽ ከሌለ ዕዳ ብለሽ ጻፊው፤ ቡናው ሲሸጥ መጀመሪያ የሚከፈለው እሱ ነው። አባትሽ እንግዲህ ምንም አይጎድልባቸውም። የሚተርፈው ለማን እንደሆነ ደግሞ ለቀማ ሳይጀመር አራታችሁም ተቀምጣችሁ ተስማሙና ፈርሙበት። ወንድምሽም ይፈርም። መሬቱ በአባትሽ ስም ነው ብዬ እገምታለሁ። ነገ ውርስ ሲመጣ «እኔ ነኝ ያቀናሁት»፣ «እኔም እኩል ልጅ ነኝ» የሚል ነገር መነሣቱ አይቀርም። ያን ጊዜ የሚያስታርቃችሁ የዛሬው ወረቀት ነው። በቤተሰብ መካከል ወረቀት መጻጻፍ ነውር የሚመስላቸው አሉ። ወንድማማቾች በመሬት ሲካሰሱ ማየት ይብሳል። ስለ መሬቱ ሕጉን የሚያውቅ ሰው አማክሩ።

አሁን ለገዢው መልስ እንጻፍ። «ሲደርሰኝ እከፍላለሁ» የሚለውን አትቀበዪ። ክፉ ሰው ነው እያልኩ አይደለም፤ ግን ቡናው ባሕር ከተሻገረ በኋላ ሐሳቡን ቢቀይር ምንም ማድረግ አትችዪም። ሦስት ጆንያ እንዳለሽ ንገሪው። ውል ሲፈረም የተወሰነ ቅድመ ክፍያ፣ ቀሪውን የመጫኛ ሰነዱ፣ ቡናውን የሚረከብበት ወረቀት፣ ከመለቀቁ በፊት ይክፈል። ከመጫኑ በፊት ከራሱ ከሚላከው ጆንያ ናሙና እንደምትልኪ፣ ናሙናውን ካልወደደው ሽያጩ እንደሚቀር ጻፊ። ይህ በቡና ንግድ የተለመደ ነው፤ የሚያውቅ ገዢ አይከፋውም። የዚያኑ ናሙና ግማሽ አሽገሽ አንቺ ዘንድ አስቀሪ፤ ክርክር ከመጣ ይፈርዳል። አደራሽን ናሙናውን ለብቻው አታሳምሪው። ከጆንያው እንዳለ ውሰጂ።

ማን እንደሚልክልሽም አስቢ። አንድ ባለ 20 ጫማ ኮንቴይነር ባለ 60 ኪሎ ጆንያ 300 አካባቢ ይይዛል። ሦስትም ሆነ አሥር ጆንያ ብቻውን አይጓዝም፤ ከሌላ ሰው ቡና ጋር መጫን አለበት። ፈቃድ ያለው ላኪ ወይም ማኅበር ያስፈልግሻል። የገለባ መቀሸሪያ፣ የማበጠሪያ፣ የጆንያ፣ የአገልግሎት ክፍያውን በጽሑፍ ጠይቂ፤ ዋጋሽን ከዚያ በኋላ ቁረጪ። ገዢው አውሮፓ ከሆነ ሌላም ወረቀት አለ። የአውሮፓ ኅብረት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ መሠረት ቡናው ከታኅሣሥ 31 ቀን 2020 እ.ኤ.አ. በኋላ ደን ተመንጥሮ ከተተከለበት መሬት መምጣት የለበትም። የእርሻው መገኛም ተመዝግቦ መቅረብ አለበት፤ ከአራት ሄክታር በላይ ለሆነ ማሳ ዙሪያ ድንበሩ ጭምር። ሥራ ላይ የሚውልበት ቀን በተደጋጋሚ ቢራዘምም ገዢዎች ከአሁኑ ይጠይቃሉ። የእናንተ ስድስት ሄክታር አንድ ላይ የተያያዘ ከሆነ ከአሁኑ አስለኩት።

ገዢው «ሦስት ጆንያ አይበቃኝም» ካለ ስጋት አይግባሽ። «በሚቀጥለው ዓመት እንነጋገር» በዪውና ናሙናውን ለሌሎች ላኪ። ሁለት ሦስት ዓመት ሦስት፣ አምስት፣ ስምንት እያልሽ ነጥቡን ሳታወርጂ ካደግሽ፣ የማሽኑን ነገር ያን ጊዜ ደብተሩን ከፍታችሁ ተነጋገሩበት። ወንድምሽ የብድር ቅጽ አምጥቶ ከሆነ እስከዚያ ማንም አይፈርምበት።

ለገዢው የምትጽፊውን ደብዳቤ ግን አባትሽ ሳያዩት እንዳትልኪው። ስለ ዋጋውና ስለ ክፍያው ቀን የሚሉት አይጠፋም፤ በሰብሳቢ የተፈተኑ ናቸው።